ዳቦ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ዳቦ ቆሎ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ለምን?

እስኪ ዛሬ ማታ አንድ ቀላል ሙከራ እንጀምር። አንድ ቁራሽ ዳቦና አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አድርጉና ሳትከድኗቸው ተዉአቸው። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጓቸው። ዳቦው ጠንክሯል። ዳቦ ቆሎው ግን፣ በተለይ ወቅቱ ክረምት ከሆነ፣ ያ ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚለው ነገሩ ጠፍቶ ለስለስ ብሏል።

አስገራሚ አይደለም? ሁለቱም የስንዴ ዱቄት ናቸው። ሁለቱም በውሃ ተቦክተው እሳት አይተዋል። ያደሩትም አንድ ሳህን ላይ ነው። ታዲያ ለምን አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሄደ?

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚነግረን ስለ መክሰስ ብቻ አይደለም። ምግብ ለምን እንደሚሻግት፣ አያቶቻችን ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ለወራት የሚቆይ ስንቅ ያዘጋጁ እንደነበር፣ እናቶቻችን «አይ፣ ገና ነው» ሲሉ ምን ሰምተው እንደሆነ ጭምር ይነግረናል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ቆሎ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

መንገድ የሚችል ዳቦ

ዳቦ ቆሎ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ቆሎ የተቆላ እህል ነው፤ ዳቦ ቆሎ ደግሞ እንደ ቆሎ ተቆልቶ እንደ ቆሎ የሚቆረጠም ዳቦ። ዱቄቱ በጨው፣ በዘይት ወይም በቅቤ፣ እንደየቤቱ በበርበሬ ወይም በስኳር ይቦካል። ጠንከር ያለው ሊጥ በመዳፍ እየተድቦለቦለ እንደ ገመድ ይረዝማል፣ በጣት ጥፍር ልክ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይቆላል። አንዳንድ ቤት በዘይት ይጠበሳል፣ አንዳንድ ቤት ኦቭን ይገባል።

ለቡና ቁርስ ይቀርባል፣ ለልጆች ይዘገናል፣ ከሁሉ በላይ ግን ስንቅ ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሻንጣው ውስጥ የሚገባው፣ ለዱባይና ለቤይሩት ለሄደች እህት በሰው እጅ የሚላከው እሱ ነው። ብቻውን አይደለም፤ ትልቅ የስንቅ ቤተሰብ አለው። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሆናል። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል።

እነዚህ ለጣዕም ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። በ1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነስቶ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ሲዋጋ መሀሉ አምስት ወር ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙው ወታደር ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። በሳምንት የሚሻግት ምግብ ይዞ የአምስት ወር መንገድ አይወጣም።

ሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ተመሳሳይ መልስ አግኝቷል። «ብስኩት» የሚለውን ቃል ሥሩን ብትከተሉት ላቲን ትደርሳላችሁ፤ ትርጉሙ «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። አንዴ ለመብሰል፣ አንዴ ለመድረቅ። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መርከበኞች ከዱቄትና ከውሃ የተሠራ ድንጋይ የመሰለ ብስኩት ይዘው ውቅያኖስ ያቋርጡ ነበር፤ የእያንዳንዱ የቀን ድርሻ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ ነበር። ጥርስ እንዳይሰብር ሾርባ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ይበሉታል። የእኛ እናቶች ዘይት ጨምረው፣ በትንሹ ቆርጠው ጥርሳችንን ማትረፋቸው እዚህ ላይ መመስገን አለበት።

የእኔ ፌስታል

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሁለተኛ ዲግሪ ስጀምር ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ጀመርኩ። እናቴ በየሁለት ወሩ በሰው የምትልከው ዳቦ ቆሎ አለቀና «ምን ይከብዳል? ኢንጂነር ነኝ» ብዬ ራሴ ልሥራ አልኩ። ሊጡን አቦካሁ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ወፈር ወፈር አድርጌ ቆረጥኩት፣ ቶሎ እንዲደርስ እሳቱን ለቀቅኩት። በአሥራ አምስት ደቂቃ ቡና ዓይነት ሆኖ አማረ። ቀምሼ ጣፈጠኝ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩ።

በሦስተኛው ቀን ለስልሷል። «ምንም አይደል» ብዬ በላሁ። በስድስተኛው ቀን ፌስታሉን ስፈታ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ።

ለእናቴ ደወልኩ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አቀዝቅዘሽው ነው የከተትሽው?»

አላቀዘቀዝኩትም። ግን ለምን ማቀዝቀዝ እንዳለብኝ ስጠይቃት «እንደዛ ነው የሚደረገው» አለችኝ። ያኔ ነው ነገሩን እንደ ትምህርቴ ልየው ያልኩት። እናንተም አብራችሁኝ እዩት።

ውሃ ሁሉ እኩል አይደለም

ሻጋታና ባክቴሪያ እንደ እኛ ውሃ ካላገኙ አያድጉም። እንግዲያው ውሃ የበዛበት ምግብ ይበላሻል፣ ያነሰበት ይቆያል ማለት ነው? በከፊል። ግን ማርን አስቡ። ማር ውስጥ 17 በመቶ ገደማ ውሃ አለ፤ ሆኖም ለዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ውሃ አለ?» ብቻ ሳይሆን «ከዚያ ውስጥ ነጻ የሆነው ምን ያህል ነው?» የሚል ነው።

መናኸሪያን አስቡ። ግቢው ውስጥ መቶ ሰው አለ እንበል። ሰማንያው አውቶቡስ ውስጥ ወንበሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ሃያው ወዲያ ወዲህ ይላል። ሱቁ ሄዶ የሚገዛው ማነው? ሃያው ነው። ማር ውስጥም አብዛኛው ውሃ በስኳር «ተይዟል»፤ ሻጋታ ሊጠቀምበት አይችልም።

የምግብ ሳይንቲስቶች ይህን የሚለኩበት ቁጥር አላቸው፤ ዋተር አክቲቪቲ ይሉታል። እኛ እዚህ «የነጻ ውሃ ልክ» እንበለው። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ንጹህ ውሃ 1 ነው። አለካኩም ቀላል ነው፦ ምግቡን ዝግ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠን ከቆየን በኋላ በዕቃው ውስጥ ያለውን የአየር እርጥበት እንለካለን። እርጥበቱ 75 በመቶ ከሆነ የምግቡ የነጻ ውሃ ልክ 0.75 ነው። ሐሳቡ ከረቂቅ ሕዋሳት እድገት ጋር በጥብቅ የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአውስትራሊያዊው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ዊሊያም ጄምስ ስኮት ሥራዎች ነው።

ጥቂት ቁጥሮች ያዙልኝ፦

- ትኩስ ዳቦ 0.95 ገደማ ነው። ሻጋታው ደስ ይለዋል።
- ከ0.91 በታች ምግብ የሚያበላሹ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ማደግ ያቆማሉ።
- ከ0.80 በታች አብዛኛው ሻጋታ ያቆማል።
- ከ0.60 በታች ምንም ዓይነት ረቂቅ ሕዋስ አያድግም።
- በደንብ የደረቀ ብስኩት ከ0.2 እስከ 0.3 አካባቢ ነው።

ስለዚህ ዳቦ ቆሎ የሚሠራ ሰው ትልቁ ሥራ ሊጡን ማብሰል ብቻ አይደለም። ከ0.95 አንስቶ እስከ 0.3 አካባቢ ማውረድ ነው። እናት ምጣድ ላይ የምታደርገው ነገር ሁሉ ለዚህ ነው።

ለምን ይቆራረጣል?

ግማሽ ኪሎ ዱቄት ወስደን በአንድ ብርጭቆ ውሃ (200 ሚሊ ሊትር እንበል)፣ በትንሽ ዘይትና በቅመም ብናቦካ 780 ግራም ገደማ ሊጥ ይወጣናል። ዱቄቱ ራሱ 13 በመቶ ገደማ ውሃ ስላለው በጠቅላላው ሊጡ ውስጥ 265 ግራም ውሃ አለ። መጨረሻ ላይ 4 በመቶ ብቻ እንዲቀር ከፈለግን 245 ግራም ውሃ ማስወጣት አለብን። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ፣ እንፋሎት ሆኖ፣ ከደረቅ ከሚመስል ሊጥ ውስጥ! ይህን ውሃ ለማትነን ብቻ የሚፈጀው ሙቀት አዲስ አበባ ላይ 1.8 ሊትር ገደማ ውሃ ከክፍል ሙቀት አንስቶ ያፈላል።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚወጣው በገጽታው በኩል ነው። ሊጡን እንደ አንድ ኳስ ብንተወው መጠኑ 650 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ የገጽታው ስፋት 360 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያንኑ ሊጥ በአንድ ሴንቲ ሜትር ዳይስ ብንቆርጠው ግን 650 ቁራጮች ይወጡናል፤ እያንዳንዱ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በጠቅላላው 3,900 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ሊጡ ያው ነው፤ መውጫ በሩ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፋ።

ከዚህ የባሰ ጉዳይ አለ። መሀል ላይ ያለው ውሃ ወደ ገጽታው የሚደርሰው እየተንፏቀቀ ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ አንድ ሕግ አለው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። እኔ «ጊዜ ለመቆጠብ» ብዬ ወፈር አድርጌ የቆረጥኩት አስታወሳችሁ? የመቁረጫውን አምስት ደቂቃ ቆጥቤ የማድረቂያውን ጊዜ አራት እጥፍ አደረግኩት። እናቴ ሊጡን አቅጥና በጥፍር ልክ የምትቆርጠው «እንዲያምር» ብቻ አይደለም።

ለምን በቀስታ እሳት?

ውሃ ያለበት ነገር ሙቀቱ እንደፈለገ አይወጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የሊጡ መሀል እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ እዚያው አካባቢ ይቆማል፤ ምጣዱ 200 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ። የሚመጣው ሙቀት ሁሉ ውሃን እንፋሎት በማድረግ ያልቃል።

ገጽታው ግን ቶሎ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ሙቀቱ ይዘልላል፤ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች በፍጥነት እየተዋሃዱ ያን ቡናማ ቀለምና ያን ቤት የሚሞላ ሽታ ይፈጥራሉ። ይህን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1912 ያስታወቀው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚዬ ማያር ነው፤ በስሙም የማያር ምላሽ ይባላል። የቡና፣ የቆሎ፣ የዳቦ ቅርፊት ሽታ ውስጥ ሁሉ ድርሻ አለው።

እንግዲህ ቀለሙ የሚነግራችሁ «ገጽታዬ ደርቋል» ብቻ ነው። ስለ መሀሉ ምንም አይናገርም። እሳት ሲበዛ ውጪው ቡናማ ይሆናል፣ መሀሉ ግን ገና 92 ዲግሪ ላይ እርጥብ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የእኔ ዳቦ ቆሎ በአሥራ አምስት ደቂቃ ያማረው ለዚህ ነው፤ ያታለለኝም ለዚህ ነው። ቀስ ያለ እሳት ለመሀሉ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ማማሰሉ ደግሞ አንዱ ጎን ብቻ እንዳያር ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «ይድረቅ» ብላችሁ እስኪጠቁር አትቁሉት። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች እንደዚህ ያሉ ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲበስሉ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ሊሆን የሚችል ንጥረ ነገር እንደሚፈጠር አሳውቀዋል። ምግቡ በጠቆረ ቁጥር ይጨምራል። ወርቃማ ሲሆን በቂ ነው።

ዘይቱስ?

የስንዴ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲቦካ ፕሮቲኖቹ ተሳስረው እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ፤ ግሉተን ይባላል። ለዳቦ ጥሩ ነው፣ አየሩን ይዞ ያነፋዋል። ለሚቆረጠም ነገር ግን መረቡ ከጠነከረ የሚሠራው ድንጋይ ነው። ዘይት ወይም ቅቤ በዱቄቱ ዙሪያ ተለጥፎ ፕሮቲኖቹ ረጅም መረብ እንዳይሠሩ ይከለክላል። የመርከበኞቹ ብስኩት ጥርስ የሚፈትነው አንዱ ምክንያት ስብ ስለሌለው ነው።

ቅቤ ከሆነ ደግሞ የተነጠረ ይሁን። የፋብሪካ ቅቤ እንኳ 16 በመቶ ገደማ ውሃ አለው። ቅቤ ስናነጥር ያ መንጫጫቱ ምን ይመስላችኋል? የሚወጣው ውሃ ነው። ድምፁ ሲቆም ውሃው አልቋል። ይኸው ነው፤ እዚህም ዞሮ ዞሮ ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው።

ዘይት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዳቦ ቆሎ ባይሻግት እንኳ ዘይቱ ከአየርና ከብርሃን ጋር ቀስ በቀስ ይዋሃድና ያ የቆየ ዘይት ሽታ ይመጣል። ስለዚህ ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ በደንብ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት።

ወደ ሳህናችን እንመለስ

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። በደንብ የደረቀ ዳቦ ቆሎ ውስጥ ስታርቹና ፕሮቲኑ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ተቆላልፈው ቆመዋል። ሳይንቲስቶች ይህን «የመስታወት ሁኔታ» ይሉታል፤ እንደ መስታወት ግትር ነው፣ ሲጫኑት አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ጥርሳችሁ ላይ የምትሰሙት ድምፅ የብዙ ትናንሽ ስብራቶች ድምፅ ነው።

ውሃ ሲገባ ግን በተቆለፉት ሞለኪውሎች መሀል ገብቶ ያላውሳቸዋል። መስታወቱ ወደ ላስቲክ ይለወጣል፤ መሰበሩ ቀርቶ መታጠፍ ይጀምራል። በብስኩትና በፈንዲሻ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ለውጥ የሚታወቀው የነጻ ውሃው ልክ ከ0.35 እስከ 0.5 ሲደርስ ነው። በክረምት የአዲስ አበባ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ ሳይከደን የተቀመጠ ዳቦ ቆሎ ከአየሩ ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ውሃ ይጠጣል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ላላችሁ ደግሞ ክረምት መጠበቅ አያስፈልግም።

ዳቦውስ? በከፊል ውሃውን ለአየር እየሰጠ ይደርቃል። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1852 ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሳንጎ ዳቦ ውሃው ሳይወጣ እንኳ እንደሚጠነክር፣ እንደገና ሲሞቅ ደግሞ እንደሚለሰልስ አሳይቷል። ምክንያቱ ሲበስል የተፍታታው ስታርች ዳቦው ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ እንደገና መደርደርና መያያዝ ስለሚጀምር ነው። የትናንት ዳቦ ምጣድ ላይ ሞቅ ሲደረግ «ነፍስ የሚዘራው» ለዚህ ነው። ይህ ዝግጅት እንዲካሄድ ሞለኪውሎቹ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ለመንቀሳቀስ ደግሞ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ዳቦ ውስጥ ውሃ አለ፤ ደረቅ ዳቦ ቆሎ ውስጥ የለም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ ዳቦ ከአየሩ ይልቅ እርጥብ ነው፣ ስለዚህ ይሰጣል፣ ስታርቹም ይደረደራል፣ ይጠነክራል። ዳቦ ቆሎ ከአየሩ ይልቅ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ይቀበላል፣ ይለሰልሳል።

ዳቦ ቆሎ ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዳቦ ቆሎ መለስለስ የሚጀምረው 0.4 አካባቢ ነው። ሻጋታ ሊበቅልበት የሚችለው ከ0.6 በላይ፣ አብዛኛው ሻጋታ ደግሞ ከ0.8 በላይ ነው። ምን ማለት ነው? ምግቡ አደገኛ ከመሆኑ በፊት ድምፁ ይጠፋል። ኩርሽም ማለቱ ያለ ባትሪ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ ነው!

ኩርሽም የሚል ከሆነ ሻጋታን አትፍሩት። ከለሰለሰ ገና አልተበላሸም ይሆናል፤ ግን እያስጠነቀቃችሁ ነው። ሻጋታም መጥፎ ሽታም ከሌለው ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት መልሳችሁ አድርቁት፣ አቀዝቅዛችሁ ክደኑት። ሻጋታ ካያችሁበት ግን ሁሉንም ጣሉት። «የተበላሸውን ለቅሜ የቀረውን ልቁላው» አትበሉ፤ እንደ አፍላቶክሲን ያሉ ከሻጋታ የሚወጡ መርዞች በምጣድ ሙቀት አይጠፉም። እኔም ፌስታሉን ይዤ ለጥቂት ደቂቃ አስቤበት ነበር። ግማሽ ኪሎ ዱቄት ያሳዝናል፤ ግን ጣልኩት።

ስህተቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ነበር። ነግሮኛል፤ አልሰማሁትም።

የእናቴስ ጥያቄ? ትኩስ ዳቦ ቆሎ እንፋሎት ማውጣቱን ገና አላቆመም። ፌስታል ውስጥ ሲገባ አየሩ በእንፋሎት ይሞላል። 60 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 130 ግራም የውሃ እንፋሎት ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ሲሆን የሚይዘው 17 ግራም ብቻ ነው። ፌስታሉ ሲቀዘቅዝ የተረፈው ውሃ ጠብታ ሆኖ ከፌስታሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ዳቦ ቆሎው ላይ ይወርዳል። ያ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ከ0.3 ወደ 0.9 ሊዘል ይችላል። መሀሉ ያልደረቀ ሲሆንማ ለሻጋታ ቤት ሠርቼ በሩን ዘጋሁለት ማለት ነው። «አቀዝቅዘሽው ነው የከተትሽው?» የሚለው ጥያቄ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ነበር።

እናንተም ሞክሩት

ክዳናቸው የሚገጥም ሁለት የብርጭቆ ዕቃዎች ያዙ።

1. አንደኛው ሥር ትንሽ ስኒ አስቀምጡ፤ ስኒው ውስጥ የገበታ ጨው ጨምሩና እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ብቻ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጨው እንዲህ ሲረጥብ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለውን አየር 75 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆመዋል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ የምንፈትሽበት አንዱ ዘዴ ይህ ነው።
2. በሁለቱም ዕቃ ውስጥ አሥር አሥር ዳቦ ቆሎ አድርጉ፤ ጨዉን እንዳይነካ። ከቻላችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑትና ጻፉት። ክደኑት።
3. በየቀኑ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አውጡና በጣታችሁ ስበሩት። መቼ ይሰበራል? መቼ መታጠፍ ይጀምራል? ከሳምንት በኋላ የቀረውን መዝኑ። የጨመረው ክብደት ከአየር የጠጣው ውሃ ነው።

ለሙከራ የተጠቀማችሁበትን አትብሉት። ምጣድ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሠራ ሚዛን ገዝቼ ነበር። ሊጡን መዘንኩ፣ አቅጥኜ ቆረጥኩ፣ እሳቱን ዝቅ አደረግኩ፣ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ እንደገና ልመዝን ስል እናቴ ደወለች። «ሚዛኑን ተይውና ከእሳት አውርጂው። ቀዝቀዝ ሲል ሳህን ላይ አድርገሽ ነቅንቂው፤ ስልኩን አስጠጊልኝ» አለችኝ። አስጠጋሁላት፣ ነቀነቅኩ።

«ገና ነው» አለች። «ድፍን ድፍን ይላል። አሥር ደቂቃ መልሽው።»

መለስኩት። ሁለተኛው ጊዜ እንደ ጠጠር ኮሽ ኮሽ ሲል «አዎ፣ አሁን ደርሷል» አለች። ሚዛኔ ላይ ሳስቀምጠው 540 ግራም አነበብኩ፤ በስሌት ያገኘሁት 536 ነበር። ያ ዳቦ ቆሎ ለሁለት ወር ቆየ፤ ከዚያ በላይ ይቆይ እንደሆነ አላየሁም፣ አለቀ።